ኧረ ትከሻውን አሳዩን

አዲስ ዘፈን ወጣ ሲባል ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ብዙው ዘፈን በጆሮ ብቻ ሲሰማ አያሳፍርም፤ ግጥሙ የተለፋበት፣ ዜማው ልብ የሚነካ፣ ቅንብሩም ሰው የተጨነቀበት ይሆናል። አንጀቴ የሚቃጠለው ክሊፑ ሲከተል ነው። በምግብ ቤቱ፣ በፀጉር ቤቱ፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡሱ፣ ስክሪን በተሰቀለበት ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚታየው አንድ ክሊፕ ይመስላል። ዘፋኙ ይቀየራል፣ ዜማው ይቀየራል፣ ምስሉ ያው ነው።

አጀማመሩን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። የአሳታሚው ዓርማ ይመጣል፣ የፕሮዳክሽኑ ይከተላል፣ የስፖንሰሩ ይሠልሳል። ከዚያ ድሮን ይነሳል። ሐይቅ ወይም ተራራ ወይም የአዲስ አበባ ፎቆች ከላይ ይታያሉ። አንድ ነጭ መኪና በባዶ መንገድ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ጫማ መሬት ይረግጣል፣ ጥቁር መነጽር ከዓይን ይነሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዘፈኑ ገና አልተጀመረም። ሲጀመርም ስለ መኪና አይደለም፤ ስለ እናት፣ ስለ ስደት ወይም ስለ አገር ቤት ናፍቆት ነው። መኪናው ለምን እንደመጣ የሚነግረን የለም።

እሮሮዬ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ካሜራው ዘፈኑን አይሰማም። ዜማው ወዲያ፣ ምስሉ ወዲህ። በትዝታ ቅኝት የተሠራ እንጉርጉሮ እንስማ ብለን ስንቀመጥ ዘፋኟ በመዋኛ ገንዳ ዳር ስትመላለስ እናያለን። ግጥሙ ማጣትን ይናገራል፤ ምስሉ የሎጁን አልጋ፣ የሎጁን ፈረስ፣ የሎጁን ቁርስ ያስጎበኛል። ሌላው ወገን ደግሞ ግጥሙን ሰማሁ ብሎ ቃል በቃል ያሳየናል። ጨረቃ ሲባል ጨረቃ፣ አበባ ሲባል ጽጌረዳ፣ እንባ ሲባል በጉንጭ ላይ የምትወርድ ጠብታ። አድማጩ ግጥሙ ገብቶታል እኮ! ቋንቋውን ያውቀዋል። ዘፈኑ ሳይናገር የተወውን ነገር ካሜራው ቢነግረን ነበር ደስ የሚለው።

ታሪክ አለው የሚባለውም ክሊፕ ከዚህ አይሻልም። ልጅቷ ፍቅረኛዋን ካፌ ውስጥ ከሌላ ሴት ጋር ታየዋለች። ስልኳን ትዘጋለች፣ እያለቀሰች አስፋልት ትሻገራለች፣ የመኪና ፍሬን ይጮኻል፣ ሆስፒታል ትገባለች። መጨረሻ ላይ ያቺ ሴት የልጁ እህት ሆና ትገኛለች። በዚህ መሃል ዘፈኑ ይቋረጥና ተዋንያኑ ይነጋገራሉ፤ ዜማው የያዘን ስሜት እዚያው ይበተናል። ዘፈንን በድራማ ማጀብ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የፊልም ዳይሬክተሩ ጆን ላንዲስ ለማይክል ጃክሰን «ትሪለር» ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋ ክሊፕ ሲሠራ ዘፈኑን አቋርጦ ታሪክ ነግሯል። ያኛው ታሪክ ግን ከዘፈኑ የወጣ ነው፤ ዘፈኑም ፍርሃት፣ ታሪኩም ፍርሃት። ጭፈራው ሲመጣ ደግሞ ካሜራው ወደኋላ ተመልሶ የጨፋሪዎቹን መላ ሰውነት አሳይቷል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝም ይኸው የጭፈራው ነገር ነው። እስክስታ ትከሻ፣ ደረትና አንገት በአንድ ትንፋሽ የሚሠሩበት ጥበብ ነው። የጉራጌ ጭፈራ እግር ነው። የወላይታ ወገብ ነው። ይህን ለማየት ሰውነቱ ሙሉ ሆኖ መታየት አለበት፣ እንቅስቃሴውም ተጀምሮ እስኪያልቅ መታገሥ ያስፈልጋል። እኛ የምናየው ምንድን ነው? ትከሻው ሊነሳ ሲል ምስሉ ተቆርጦ ወደ ዘፋኙ ፊት ይሄዳል። ስንመለስ ትከሻው ወርዷል። እግሩ መሬቱን መምታት ሲጀምር የጆሮ ጉትቻ ስክሪኑን ይሞላዋል። የአራት ደቂቃ ዘፈን 240 ሰከንድ ነው፤ በየሰከንዱ ምስል የሚቀይር ኤዲተር 240 ቁራጭ ያቀርብልናል። ከዚያ ሁሉ ቁራጭ ውስጥ ተጀምሮ የተጨረሰ አንድ ውዝዋዜ ፈልጎ ማግኘት ያቅታል። የብሔር ብሔረሰቦች ዘፈን ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ሕዝብ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይደርሰዋል፤ ልብሱን አይተን ሳንጨርስ ሌላ ልብስ ይመጣል፣ ጭፈራውማ ጨርሶ አይታይም።

ስሎው ሞሽኑ ሌላ በደል ነው። በሰከንድ 120 ፍሬም የተቀረጸ ምስል በ24 ፍሬም ሲታይ አምስት እጥፍ ይዘገያል። ለፏፏቴ ያምራል፣ ነፋስ ለያዘው ነጠላም ያምራል። እስክስታ ግን ከከበሮው ተለይቶ እስክስታ አይሆንም። አምስት እጥፍ ሲዘገይ ከበሮው ይመታል፣ ትከሻው ገና በመንገድ ላይ ነው። ችክችካው እየነደደ ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ዕድሜውን ሙሉ የሠለጠነ ተወዛዋዥ ምት የማያውቅ ሆኖ ይታያል፣ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን።

መላ የለውም እንዳይባል መላ አለው። ምስሉን በ48 ፍሬም ሊቀርጽ ያሰበ ሰው በቀረጻው ቦታ ፕሌይባኩን፣ ማለትም አስቀድሞ የተቀረጸውን ዘፈን፣ በእጥፍ ፍጥነት ያጫውታል። ዘፋኙም ተወዛዋዡም በዚያ ፍጥነት ይሠራሉ። በኋላ ምስሉ በ24 ሲታይ ከንፈሩም ትከሻውም ከትክክለኛው ዘፈን ጋር ይገጥማሉ፣ ነጠላውና ፀጉሩ ግን እየተንሳፈፉ ይቀራሉ። በዓለም ላይ የክሊፕ ሠሪዎች ሲሠሩበት የኖሩት የታወቀ ብልሃት ነው። ልምምድ ይጠይቃል፣ እሱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የኮልድፕሌይ ባንዱ ዘፋኝ ክሪስ ማርቲን «ዘ ሳይንቲስት» ለተባለው ዘፈን ክሊፕ ግጥሙን ከኋላ ወደፊት መዝፈን ተለማምዷል፤ ምስሉ ተገልብጦ ሲታይ ዓለሙ ወደኋላ ይሄዳል፣ ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር ይገጥማል። ለአንድ ሐሳብ ሲባል ይህን ያህል የተለፋ ነው። እዚህ ከንፈርና ድምፅ ተለያይተው እያየን «ይሁን» ብለን እናልፋለን።

ፍሬድ አስቴር የሚባለው የሆሊውድ ጨፋሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፊልም ሲሠራ ከራሱ እስከ እግሩ ሙሉ ሆኖ እንዲታይና ጭፈራው በተቻለ መጠን ሳይቆራረጥ እንዲቀረጽ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ሰው የሠራው ጥበብ በሌላ ሰው መቀስ እንዳይበተን ነው። እኛ ዘንድም ሳይታወቅ ይኸው ተሠርቶበታል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ጀመረ፣ ቀለም የገባው በ1977 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዘመን ካሜራ ከባድ ስለነበር እንደ ዛሬው በየጥጉ አይሯሯጥም። ከዚያ ጊዜ የተረፉት ቅጂዎች ዩቲዩብ ላይ ሲወጡ ምስላቸው የደበዘዘ፣ ድምፃቸው የተንሻፈፈ ነው። ተወዛዋዦቹ ግን ከአናታቸው እስከ እግራቸው ይታያሉ። አንድ ሰው እስክስታውን ጀምሮ፣ አሙቆ፣ ጨርሶ ሲመለስ ማየት ይቻላል። ድሮ ሁሉ ነገር መልካም ነበር አልልም፤ ዘፋኙን ፕላስቲክ አበባ ጎን አቁሞ አምስት ደቂቃ ሙሉ እንዳይነቃነቅ ያደረገ ክሊፕም ሞልቷል። ያኔ በችግር የተገኘው ትዕግሥት ዛሬ በምርጫ ሊገኝ ይችል ነበር ነው የምለው።

የሙዚቃ መሣሪያውስ? በቅንብሩ ውስጥ ማሲንቆ የለም፤ ምስሉ ላይ ግን አንድ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ማሲንቆ ይገዘግዛል። ክራር ያዢው ጣቶች ከሚሰማው ድምፅ ጋር ፈጽሞ አይገናኙም። በኪቦርድ የተሠራውን ሳክስፎን አንድ ሞዴል ከንፈሩን አስጠግቶ ይነፋዋል፣ ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ገመድ የለውም፤ ሜዳ መሃል ቆሞ ከየት ድምፅ እንደሚያወጣ አይታወቅም። በገና እንኳ አልቀረለትም፤ አሥር አውታር ያለው፣ የጾምና የምስጋና መሣሪያ ተወስዶ ለፍቅር ዘፈን ማጌጫ ሲሆን የሚያየው አማኝ ምን እንደሚሰማው የሚጠይቅ የለም። ለእነዚህ መሣሪያዎች ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎች እዚሁ አገር አሉ። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ጠርቶ ማስቀረጽ ከነጩ መኪና ኪራይ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ልብሱም እንዲሁ ነው። ዜማው የወሎ ሆኖ ልብሱ የሌላ አገር፣ ጭፈራው ደግሞ የማንም አይደለም። ዋሽንግተን የሚኖር ዘፋኝ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆሞ ሲዘፍን መሃል ላይ የላሊበላና የጎንደር ቤተ መንግሥት የድሮን ምስል ይሰካል፤ ይኸው ምስል በሌላ ዘፋኝ ክሊፕም ላይ ያየነው ነው። እንጦጦ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ወንጪ፤ አገሩ ሰፊ ነው፣ ካሜራው የሚያውቃቸው ቦታዎች ግን በጣት ይቆጠራሉ። አደይ አበባማ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊት በክሊፕ ቀራጮች እግር ይረገጣል።

ስለ ሴቶቹ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሞዴል ተብላ የመጣችው ልጅ ብዙ ጊዜ ስም የላትም፣ ሐሳብ የላትም፣ አንዳንዴ ፊትም የላትም። ወገቧ፣ እግሯ፣ ከንፈሯ ተለያይተው ይታያሉ። መኪናው ላይ ተደግፋ ትቆማለች፣ ዘፋኙ ዙሪያዋን ይዞራል። ይህን ቤተሰብ አብሮ ምሳ በሚበላበት ቤት ቀኑን ሙሉ ከፍተው ይተዉታል።

ባለሙያዎቹ ምክንያት አላቸው፣ ምክንያታቸውም ሐሰት አይደለም። ካሜራና መብራት በቀን ነው የሚከራየው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ካላለቀ ወጪው ይንራል። ሆቴሉ ቦታውን በነጻ ሲሰጥ ስሙ እንዲታይለት ይፈልጋል። ዘፈን ያለ ክሊፕ ከወጣ አይሰማም ይባላል። ዩቲዩብ ላይ ተመልካች በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካልተያዘ ጥሎ ይሄዳል። ገንዘቡን ከኪሱ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ዘፋኙ ራሱ ነው፤ ተበድሮም ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ተመልካቹን በመጀመሪያው ሰከንድ ለመያዝ የሚጨነቅ ሰው እንዴት ደቂቃ ሙሉ ዓርማና ድሮን ያሳየናል? ካሜራን አንድ ቦታ አቁሞ መታገሥስ ምን ያስወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1965 ዘፋኙ ቦብ ዲላን ለንደን ውስጥ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሞ የግጥሙን ቃላት የያዙ ካርዶችን አንድ በአንድ ጣለ፤ ካሜራው ከፊቱ አልተነቃነቀም፣ ያ ምስል እስከ ዛሬ ይታወሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 የዘፋኟ የሺኔድ ኦኮነር ክሊፕ አብዛኛው ፊቷ ብቻ ነበር። ጥቁር ልብስ፣ አጭር ፀጉር፣ ሁለት ዓይን፣ በመጨረሻም እንባ። ዳይሬክተሩ ጆን ሜይበሪ ፊቱ ዘፈኑን እንደሚሸከም አምኖ ተወው። እኛ እንዲህ የሚያዩ ዓይኖች፣ እንዲህ የሚያለቅሱ ድምፆች የሌሉን ሕዝቦች አይደለንም። በትዝታ የሚያንጎራጉር ዘፋኝ ፊት ላይ ለአንድ ሙሉ አዝማች መቆየት ለምን ያስፈራል?

ብዙ ወጪ የወጣበት ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩም አይደለም። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» አልበም በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ የርዕሱ ዘፈን ክሊፕ ሲሠራ ሰዉ የተሰለፈው፣ ፈረሱ የጋለበው፣ ጋሻና ጦሩ የተነሳው ዘፈኑ ስለ አድዋ ስለሆነ ነው። አልባሳቱ ከግጥሙ መጣ፣ ሜዳው ከግጥሙ መጣ። ሰዉም ገባው። እንዲህ ያለ ሥራ እዚሁ አገር በእኛው ባለሙያ ተሠርቶ ስላየነው ነው የሌላው ነገር የሚያበሳጨን፤ አይችሉም ብለን ብናምን ኖሮ ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሊፑ ሲያልቅ የስም ዝርዝር ይወጣል። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ካሜራ፣ ድሮን፣ ሜካፕ፣ ከለር፣ ኤዲቲንግ፤ ምስጋናው ላይ ሆቴሉ፣ መኪናውን ያከራየው፣ ልብሱን ያዋሰው። የተወዛዋዦቹን ስም ስፈልግ ብዙ ጊዜ አላገኘውም፤ ቢበዛ የቡድኑ ስም በአንድ መስመር ይጻፋል። ጠዋት በብርድ እንጦጦ ላይ ነጠላ ለብሰው የቆሙት፣ አንድን ምት ዳይሬክተሩ እስኪበቃው ደጋግመው የሠሩት፣ ጉልበታቸውን የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ሰሞኑን አንድ ክሊፕ ላይ ከኋላ ረድፍ የቆመች ልጅ አንገቷን አሳምራ ስትመታ አየሁና ምስሉን ደጋግሜ መለስኩት። ሁለት ሰከንድ እንኳ አትሞላም። ማን እንደሆነች፣ የት እንደተማረች፣ ሌላ የት እንደምትታይ ለማወቅ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩ፤ የድሮን አብራሪው ስም አለ፣ የእሷ የለም። እባካችሁ፣ ቢያንስ ስማቸውን ጻፉልን።