አንድ ብር በስንት መንገድ ይዘረዘራል?

አንድ ብር በሳንቲም ሲዘረዘር ከትልቁ ተነስቶ ወደ ታች መውረድ ይቀላል። ሽልንግ ላይ ምርጫው ሦስት ብቻ ነው፤ ሁለት፣ አንድ ወይም ምንም። ከዚያ ስሙኒ ይከተላል፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ አምስት ሳንቲም። ይህን ተራ ያልጠበቀ ሰው አንዱን ሁለቴ ቆጥሮ ሌላውን ይዘላል።

ለመለማመጃ ስሙኒ ይበቃል። ራሱ ስሙኒው አንድ፤ ሁለት አሥርና አንድ አምስት፤ አንድ አሥርና ሦስት አምስት፤ ባለአምስቱ ብቻውን አምስት ጊዜ። አራት ሆኖ አለቀ። በዚሁ ስሌት ሽልንግ 11 መንገድ፣ አንድ ብር 40 መንገድ አለው። ገበሬ በበሬ የሚያርስባት ባለአንድ ሳንቲሟ ከገባች ግን 40ው ወደ 292 ይዘላል። አሜሪካኖችም እስከ ግማሽ ዶላር ድረስ ያው 1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50 ስላላቸው፣ ትውልደ ሃንጋሪው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖሊያ በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ለአንድ ዶላር የደረሰበት ቁጥር ይኸው 292 ነው። (ሱቅ ውስጥ ሊሞክረው የሚፈልግ ከኋላው ወረፋ አለመኖሩን ቢያይ ይሻላል።)

ችግር የሚመጣው አንደኛው ሳንቲም ሲጠፋ ነው። ጠመንጃ የያዘው ወታደር ያለበት ባለአምስቱ ከመሳቢያ ጠፍቶ ስሙኒና አሥር ሳንቲም ብቻ ቀሩ እንበል። የ40 ሳንቲም መልስ የሚሰጠው ባለሱቅ ከትልቁ ልጀምር ብሎ ስሙኒ ያወጣል፣ አሥር ይጨምርበታል፣ አምስት ጎድሎበት መሳቢያውን ሲያንኳኳ ይቆያል። አራቱ አሥሮች ግን እዚያው እጁ ሥር ነበሩ። ለቆጠራ የበጀው ምክር ለመልስ ጉድ ሠራው ማለት ነው።

በእነዚህ በሁለቱ የማይሞሉት የአምስት ብዜቶች 5 እና 15 ብቻ ናቸው። 20 በሁለት አሥር፣ 25 በስሙኒ ከተገኘ ወዲያ ያለው አሥር እየደረቡ መሄድ ነው። 15ም ቢሆን መላ አያጣም፤ ደንበኛው ስሙኒ ይሰጣል፣ አሥር ይቀበላል። ለ5 ደግሞ ስሙኒ ሰጥቶ ሁለት አሥር መቀበል ነው።

መሳቢያው ጭራሽ ባዶ ሲሆን ሒሳቡ ውስጥ ማስቲካ ይገባል። «ዝርዝር የለም፣ ማስቲካ ላድርግልሽ?» ይባላል፤ መልስ ሳይጠበቅም ማስቲካው ከዳቦው ጋር ይታሰራል። እንደ ሳንቲሙ የአንበሳ ራስ ባይኖርበትም ያለ ክርክር ያልፋል። ልዩነቱ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። ያጠራቀመችውን ማስቲካ ባንኮኒው ላይ ደርድራ ዳቦ የጠየቀች ደንበኛ፣ ባለሱቁ በትዕግሥት አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ «እህቴ፣ ይሄማ ማስቲካ ነው» ይላታል።