በቤት ሆኖ በርትቶ ስለማጥናት የወጣ የፌዝ አዋጅ ቁጥር 0/2012

በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት የተቋረጠ በመሆኑ፤

በግቢ ውስጥ የነበረው ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ጉደር፣ ወደ ጊንጪ፣ ወደ ጌዶና ወደ ባኮ፣ ወደ ወላጆቹ ቤት የተመለሰ ስለሆነ፤

በ1967 ዓ.ም. ከፍተኛ ትምህርት ተዘግቶ ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲላክ አሳይመንት ተከትሎት ያልሄደ ሲሆን፣ የአሁኑ ተማሪ ግን ከነአሳይመንቱ የተላከ በመሆኑ፤

የተዘጋው የግቢው በር እንጂ የማስረከቢያው ቀን አለመሆኑን ለሁሉም ማሳወቅ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የበርታ አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1) "ኮሌጅ" ማለት ስሙ በዚህ አዋጅ ያልተጠቀሰ፣ ተማሪዎቹ ግን ማን እንደሆነ መጠየቅ የማያስፈልጋቸው የትምህርት ተቋም ነው፤

2) "ተማሪ" ማለት ቤተሰቡ ሥራ ፈቶ እንደተቀመጠ፣ ኮሌጁ ደግሞ ትምህርት ላይ እንዳለ የሚቆጥረው ሰው ነው፤

3) "የጥናት ክፍል" ማለት እንግዳ ሲመጣ ሳሎን፣ ሲመሽ መኝታ ቤት፣ ዝናብ ሲበረታ የጥጆች መጠለያ የሚሆን ቦታ ነው፤

4) "ኔትወርክ" ማለት ኖረም አልኖረም በአንቀጽ 6 መሠረት እንዳለ የሚቆጠር ነገር ነው፤

5) በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል፤ ሆኖም እንጀራ መጋገር፣ ውሃ መቅዳትና ቡና ማፍላት በሴት ጾታ ብቻ እንደተገለጹ ይቀጥላሉ።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው የነቀምት መንገድ ግራና ቀኝ በሚኖር ተማሪ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ከአስፋልቱ ርቆ በጀልዱ፣ በጥቁር እንጭኒ ወይም በጅባት በሚኖር ተማሪ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተፈጻሚ ይሆናል።

አንቀጽ 4፦ የጥናት ፕሮግራም

ተማሪው ፕሮግራም ያወጣል። ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ያከብራል።

አንቀጽ 5፦ የቤተሰብ ግዴታ

ቤተሰብ የሚያጠና ተማሪን አይረብሽም። የእርሻ ወቅት ከሆነ ግን በሬዎቹ ከሴሚስተሩ ቅድሚያ አላቸው።

አንቀጽ 6፦ ኔትወርክ የለም ስለሚል ተማሪ

1) አሳይመንት የሚገባው በኦንላይን ብቻ ሲሆን ቀነ ገደቡ 11፡59 ነው። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሊነጋጋ ሲል የመሰለው ተማሪ ስድስት ሰዓት ዘግይቷል።

2) በንዑስ አንቀጽ (1) የተደነገገው ቢኖርም፣ ኔትወርክ ያጣ ተማሪ ቀነ ገደቡ እንዲራዘምለት ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ተቀባይነት የሚያገኘው ቀነ ገደቡ ከማለፉ በፊት በኦንላይን ሲቀርብ ነው።

3) ማመልከቻውን በኦንላይን ያቀረበ ተማሪ ኔትወርክ እንዳለው በራሱ እጅ ያረጋገጠ ስለሆነ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል።

4) ማመልከቻውን በኦንላይን ያላቀረበ ተማሪ እንዳላመለከተ ይቆጠራል።

5) ንዑስ አንቀጽ (3) እና (4) እንደተጠበቁ ሆነው፣ የሚከተሉት በልዩ ሁኔታ ይታያሉ፦

ሀ) ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የሚወጣ ተማሪ፤ ጉብታው ከቤቱ የሚርቅ ከሆነ ርቀቱን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ስካን አድርጎ ይልካል። ቀበሌው ስካነር ከሌለው አምቦ ሄዶ ስካን ያስደርጋል። አምቦ የደረሰ ተማሪ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ስለገባ ከልዩ ሁኔታው ይወጣል።

ለ) ጉብታው ላይ ተማሪ የበዛ እንደሆነ፤ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ስለከለከለ፣ አምስተኛው ተማሪ ሌላ ጉብታ ይፈልጋል። አካባቢው ሜዳ ከሆነ ተራ ይጠብቃል። ተራው ከቀነ ገደቡ በኋላ ከደረሰ ንዑስ አንቀጽ (4) ይሠራበታል።

ሐ) ባለ ቁልፍ ስልክ ያለው ተማሪ፤ ስልኩ ፒዲኤፍ ባይከፍትም የእጅ ባትሪ ስላለው በሌሊት ማጥናት እንደሚችል ይቆጠራል። የሚያጠናውን ነገር ከየት እንደሚያገኝ በመመሪያ ይወሰናል። መመሪያው በፒዲኤፍ ይላክለታል።

መ) በአጎቱ ስልክ የሚማር ተማሪ፤ አጎቱ ስልኩን ይዘው ገበያ በሚወጡበት ቀን ትምህርት የለም። ቀነ ገደቡ ግን አለ።

ሠ) መብራት ጠፍቶ ስልኩ የተዘጋበት ተማሪ፤ ጉዳዩ የመብራት እንጂ የኔትወርክ ስላልሆነ በዚህ አንቀጽ አይስተናገድም። ስለ መብራት የሚደነግግ ሌላ አንቀጽ የለም።

ረ) ከባኮ ማዶ፣ ከወለጋ የመጣ ተማሪ፤ በምዕራብ ኦሮሚያ በርካታ አካባቢዎች ከታኅሣሥ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ መቆየቱን ጠቅሶ ሊያመለክት ይችላል። ኮሌጆች ሲዘጉም መስመሩ ገና አልተመለሰም ነበር። ሌላው አገር ሲደውል "እጃችሁን ታጠቡ" የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እዚያ ግን መደወልም አልነበረም። ስለሆነም ተማሪው እጁን ሳይታጠብ እንደከረመ ይገመታል፤ ማመልከቻው ለጤና ጥንቃቄ ሲባል አይነካም።

6) ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ በመዘጋቱ አሳይመንቱን ያላስገባ ተማሪ፣ ስለመዘጋቱ ማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃውም፦

ሀ) መዘጋቱን የሚያሳይ ስክሪንሾት ሲሆን፣ በተዘጋበት ዕለት በኢሜይል መላክ አለበት፤

ለ) ስክሪንሾት ካልተገኘ ከአገልግሎት ሰጪው የተጻፈ ደብዳቤ ይሆናል፤ አገልግሎት ሰጪው አልጽፍም ካለ፣ ያልጻፈበትን ምክንያት ጽፎ ይስጥ፤

ሐ) የአምቦ ነዋሪ የሆነ ተማሪ ደግሞ በዚያ ሳምንት የት እንደነበረ ያስረዳል። የት ይሁን? ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ማታ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ ሰኔ 25 በትውልድ ከተማው በአምቦ ተቀበረ። በእነዚያ ቀናት አምቦ ውስጥም ሰው ሞቷል። እናት ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ ታድራለች፣ እዚህ "ምዕራፍ ሦስትን በአምስት ገጽ አሳጥረህ ላክ" ይባላል። በየት በኩል ይላከው? በነፋስ? ለመሆኑ ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው በዚያ ሳምንት የሚኖረው የት አገር ነበር?

መ) በፊደል ተራ (ሐ) የተነሡት ጥያቄዎች የአዋጅ ቋንቋ ያልጠበቁ በመሆናቸው ተሰርዘዋል። የተሰረዙት ጥያቄዎቹ ናቸው እንጂ ለተማሪው የተሰጠው ኤንጂ ("ውጤት የለውም" የሚለው ምልክት) አይደለም።

7) ኢንተርኔት ተዘግቶ በቆየባቸው ከሦስት ሳምንት በላይ በሆኑ ቀናት ውስጥ የወጣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ በኮሌጁ የውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ ለሁሉም ተማሪ እንደደረሰ ይቆጠራል። ግቢው ዝግ መሆኑና ጥበቃው ማንንም አለማስገባቱ የሰሌዳውን ሕጋዊነት አይቀንስም።

8) አሳይመንቱን በእጁ ጽፎ ከጌዶ ወይም ከጊንጪ በሚነሣ ሚኒባስ በረዳት እጅ የላከ ተማሪ፤ ወረቀት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሥራው ተቀባይነት አያገኝም። በዚያው ረዳት እጅ የተላከ የወርሃዊ ክፍያ ግን የብር ኖቱ ስንት እጅ እንዳለፈ ሳይጠየቅ ተቀባይነት ያገኛል፤ ደረሰኝም ይቆረጣል። በዚህ ንዑስ አንቀጽ ላይ ተቃውሞ ያለው ማመልከት ይችላል። እንዴት እንደሚያመለክት በንዑስ አንቀጽ (2) ተደንግጓል።

አንቀጽ 7፦ የመምህር ግዴታ

መምህሩ ፒዲኤፍ ይልካል። ፒዲኤፍ የላከ አስተምሯል።

አንቀጽ 8፦ የብርታት ደንቦች

1) ተማሪው ማልዶ ይነሣል፤ ቤቱ ሳይንጫጫ ከባዱን ኮርስ ያስቀድማል፤ ያነበበውን በራሱ አባባል በአጭሩ ይጽፋል።

2) ሐሳቡ እንዳይበተን ስልኩን ከአጠገቡ ያርቃል። አንቀጽ 6ን ለመፈጸም ግን ከእጁ አይለየውም።

3) አንድ ተማሪ አምቦ ወርዶ ወይም ሌሊት ኔትወርኩ ቀለል ሲል ያወረደውን ፋይል፣ ያለ ኢንተርኔት በዜንደር ወይም በሚሞሪ ካርድ ለጓደኞቹ ማካፈሉ በተግባር የሠራ ብቸኛ ዘዴ ሆኖ ተገኝቷል። ዘዴውን ያሰበው ኮሌጁ ስላልሆነ ኩረጃ እንዳይሆን ይጣራል።

4) ታላቅ እኅት ታናሾቿን እያስጠናች የራሷን ማጥናት ትችላለች። ምጣዱ ከወረደ በኋላ።

አንቀጽ 9፦ ቅጣት

ቀነ ገደብ ያለፈበት ተማሪ ኤንጂ ይሰጠዋል። ኤንጂው በወቅቱ ካልተስተካከለ ኤፍ ይሆናል። የማስተካከያ ቅጹ የሚገኘው በኦንላይን ነው።

አንቀጽ 10፦ የተሻሩ ሕጎች

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም መመሪያ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም ማመዛዘን በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት የለውም።

አንቀጽ 11፦ ያለ ፌዝ የተጨመረ

1) ተማሪው አልሰነፈም። ቀን ሲያርስና ሲያርም ውሎ ማታ በእጅ ባትሪ የሚያነብ ሰው ስለ ብርታት ምክር አያስፈልገውም። የጎደለው ሥራውን የሚያደርስበት መንገድ ነው፤ መንገዱን የዘጋው ደግሞ እሱ አይደለም።

2) የርቀት ትምህርት በዚህ አገር ለብዙ ዓመታት በታተመ ሞጁል ሲሰጥ የኖረ ነው። ሞጁል ታስሮ በመኪና ይሄዳል፤ መልሱም በመኪና ይመለሳል።

3) ስለዚህ ኮሌጆች ለሚመጣው መዘጋት ሦስት ነገር ይደንግጉ፦ ኢንተርኔት በትእዛዝ የተዘጋበት እያንዳንዱ ቀን በቀነ ገደቡ ላይ ይጨመር፤ በእጅ የተጻፈ ሥራ ተቀባይነት ያግኝ፤ ሞጁል ታትሞ በየወረዳው ከተማ ይቀመጥ። ሦስቱም ያለ ኔትወርክ ሊፈጸሙ ይችላሉ።