የስቶርሞንት የጥያቄ ማስታገሻ አዋጅ

በቤልፋስት ዳርቻ፣ በስቶርሞንት ኮረብታ ላይ የተሰየመው የሰሜን አየርላንድ መንግሥት መልስ ሰጪ ወገን፣ የለንደኑ ፓርላማ በ1998 ባወጣው ሕግ መሠረት ጤናውን፣ ትምህርቱን፣ መንገዱንና እርሻውን ተረክቦ ሲያስተዳድር የቆየ በመሆኑ፤ የምክር ቤቱ 90 አባላት ግን ሥልጣን መረከብን ከመጠየቅ ጋር አያይዘው ሚኒስትሮችን እንቅልፍ በመንሳታቸው፤ የጥያቄ ብዛትም ሕዝቡን መልስ ይገኛል ወደሚል ተስፋ እየመራው በመሄዱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የጥያቄ ማስታገሻ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ የሚመልስ የሌላ አገር አቆጣጠር እንዳለ ሰምተናል፤ በውሰት ይሰጠን እንደሆነ ጥናት ተጀምሯል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ “መልስ” ማለት በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለጠያቂው የምክር ቤት አባል የሚደርስ የሚኒስትር ጽሑፍ ነው። ከጥያቄው ጋር መገናኘቱ ግዴታ አይደለም። “በመታየት ላይ ነው” ማለት ማንም አላየውም ማለት ነው። “ባለድርሻ አካላት” ማለት ከእኛ በስተቀር ሁሉም ሰው ነው። “የበጀት እጥረት” ማለት ለንደን ነው።

አንቀጽ 3። ስለ አመድ

መንግሥት በ2012 በዘይት ፋንታ በእንጨት እንክብል የሚሠራ ማሞቂያ ላስገባ ነጋዴና ገበሬ ድጎማ መክፈል ጀመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ድጎማው ከማገዶው ዋጋ መብለጡና ገደብ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ብዙ ያነደደ ብዙ ተከፈለው፤ ሰውም ከብትም የሌለበት ባዶ መጋዘን ይሞቃል የሚል ጥቆማ እስኪመጣ ድረስ ተነደደ። አንዲት ነጋዴ ነገሩ ገና ሳይከፋ፣ በ2013፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስጠንቅቃ ነበር። ሹማምንቱ በጨዋ ደንብ አስተናገዷት፤ እሳቱም ቀጠለ። በ2016 መጀመሪያ በሩ ለአዲስ አመልካች ተዘጋ፤ በ20 ዓመት ውስጥ ከበጀት በላይ ሊወጣ የሚችለው ገንዘብም 490 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል ተብሎ ተገመተ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ቢዘንብ ምን ይገርማል? በጡረታ ላይ የነበሩ ዳኛ፣ ሰር ፓትሪክ ኮግሊን፣ አጣሪ ሆነው ተሾሙ። በ2020 ሪፖርታቸውን በሦስት ቅጽ፣ ከ44 ምክረ ሐሳብ ጋር አቀረቡ። ጥፋቱ በአብዛኛው የሌብነት ሳይሆን የዝርክርክነት መሆኑም ተረጋገጠ። መንግሥት ይህን እንደ ምስጋና ተቀብሎታል።

ለዚህ አዋጅ መነሻ የሆነው ግን በዚያው ምርመራ ላይ በ2018 የተሰማ ቃል ነው። የሲቪል ሰርቪሱ የበላይ ኃላፊ፣ ማንም ዜጋ በመረጃ ነጻነት ሕግ ሊጠይቅ ስለሚችል አንዳንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝበት ይካሄድ እንደነበር አመኑ። እነሆ ጥበብ! ያልተጻፈ አይጠየቅም፣ ያልተጠየቀ አይመለስም፣ ያልተመለሰም አይዘገይም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በማናቸውም ስብሰባ ሻይ ይቀርባል፤ ብዕር አይገባም።

አንቀጽ 4። ዝምታ ስለሚጸናበት ዘመን

ቀዳማዊ ሚኒስትሩና ምክትላቸው ሥልጣናቸው እኩል ነው፤ አንዱ ከለቀቀ ሌላውም አብሮ ይወርዳል። በዚህ ጥበብ መንግሥቱ ከጥር 2017 እስከ ጥር 2020 ፈርሶ ቆየ፤ የፈረሰበት አንዱ ምክንያትም ያው የአንቀጽ 3 አመድ ነው። በ2022 እንደገና ፈርሶ በየካቲት 2024 ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በታሪካችን እጅግ የተሳኩ ናቸው፤ የሚጠየቅ ሚኒስትር ስላልነበረ አንድም መልስ አልዘገየም። መሥሪያ ቤቶቹን ቋሚ ጸሐፊዎች ጠበቁ። አንደኛው ድፍረት ተሰምቶት የቆሻሻ ማቃጠያ ፋብሪካ እንዲሠራ ቢፈቅድ፣ ፍርድ ቤት በ2018 “ይህን ያለ ሚኒስትር መወሰን አትችልም” ብሎ ሻረበት። ከዚያ ወዲህ ድፍረት ክልክል ነው።

አንቀጽ 5። ስለ መሸፈን

በ1932 የተመረቀው የምክር ቤቱ ነጭ ሕንጻ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን አውሮፕላን እንዲሰወር ሬንጅና የከብት እበት ተቀላቅሎ ተለቀለቀ። ሲያስለቅቁት ሰባት ዓመት ፈጀ፤ የጥንት ንጣቱም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰለትም። መልስ አርቃቂው ክፍል ይህን ሙያ በወረቀት ላይ ቀጥሎበታል።

አንቀጽ 6። ስለ ሐይቅና ስለ መንገድ

ከአገሪቱ የመጠጥ ውሃ ወደ 40 በመቶ የሚቀዳበት ሎክ ኔይ ሐይቅ በ2023 በጋ በመርዛማ አልጌ አረንጓዴ ሆነ። ምክንያቱ ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ነው። “ማን ያጽዳው?” ለሚል ጠያቂ፣ የሐይቁ ወለል የአንድ እንግሊዛዊ ባላባት ርስት መሆኑ ይነገረው። ቀለሙን በተመለከተ፣ መንግሥት የአረንጓዴ ፖሊሲ ውጤት አላሳየም የሚል ትችት ከእንግዲህ ተቀባይነት የለውም።

ኤ5 የተባለውን መንገድ ለማስፋት ቃል የተገባው በ2007 ነው። በሰኔ 2025 ፍርድ ቤት ዕቅዱን ሻረው፤ የሻረውም ምክር ቤቱ ራሱ በ2022 ባጸደቀው የአየር ንብረት ሕግ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከ2006 ወዲህ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል። “መቼ ይሠራል?” ብለው የሚጠይቁት ልጅና ወንድም የቀበሩ ናቸው። ለእነሱ የሚሆን ማስታገሻ አርቃቂዎቹ ፈልገው አላገኙም፤ አንቀጹ እዚህ ላይ ይቋረጣል።

አንቀጽ 7። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ሁለቱም መሪዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከፈረሙበት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው የቀድሞው የመረጃ ነጻነት ሕግ ይሠራል፦ ማንም ሰው ለማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቦ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ የማግኘት መብት አለው። ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የሰማህ ላልሰማህ እንዳታሰማ።