የመመለሻ ቁልፍ ያለመመለስ ጠባይ፦ በአንዲት አክስት ተተኳሪነት

የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ የእጅ ስልክ መተግበሪያዎች ተጠቃሚያቸው ወደ ቀደመው ገጽ እንዳይመለስ ለምንና እንዴት እንደሚከለክሉት መፈተሽ ነው። ንዑስ ዓላማው የአክስቴን የትውልድ ዘመን ማስተካከል ነበር። ዋናው ዓላማ ከሞላ ጎደል ተሳክቷል።

ጥናቱ ዓይነታዊ የምርምር ስልትን የተከተለ ነው። ናሙናው አንድ ሰው ሲሆን አመራረጡም ዓላማ ተኮር ነው፤ ዓላማው የአክስቴ ነው። እሑድ ቡና ላይ፣ ቶናው ተጠጥቶ በረካው ገና ሳይቀዳ፣ ስልኳን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ «እስቲ ይቺን መልስልኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በማስታወሻ ተይዟል። ቁልፍ መረጃ አቀባይን በተመለከተ፣ በዚህ ጥናት ቁልፍ መረጃ አቀባዩ ቁልፉ ራሱ ነው፤ በስክሪኑ ግርጌ ወደ ግራ የሚያመለክተው ባለ ሦስት ማዕዘኑ። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ አልመለሰም።

ክስተቱ እንዲህ ነው። አክስቴ በአንድ ባንክ መተግበሪያ ስትመዘገብ የትውልድ ቀኗን ተጠየቀች። የተወለደችው በመጋቢት 1958 ዓ.ም. ነው። የመተግበሪያው ቋንቋ አማርኛ፣ ዘመኑ ግን የፈረንጅ ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም። 1958 ብላ «ቀጥል» የሚለውን ስትነካ በአንድ ጣት ስምንት ዓመት አረጀች። (ጳጉሜን ውስጥ የተወለዱ ዘመዶችም አሉን። 12 ወር ብቻ የሚያሳየው ሰሌዳ ለእነሱ ምን እንዳሰበላቸው ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል።) ስህተቱን ያየችው በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው። ስህተት ሁልጊዜም የሚታየው ቀጣዩ ገጽ ላይ ነው፤ የመመለሻ ቁልፍ የተፈለገውም ለዚሁ ነበር።

ባክ አለች። ምንም። ደግማ ባክ አለች። ምንም። በሦስተኛው ከስክሪኑ ግርጌ አንድ ግራጫ ሞላላ ነገር ብቅ ብሎ «ለመውጣት እንደገና ይጫኑ» አላት። እሷ መውጣት አላማራትም፤ አንድ ገጽ ብቻ ነበር የጠየቀችው። ሌላ መንገድ ስታጣ መተግበሪያውን ዘግታ፣ ስልኳንም አጥፍታ አብርታ፣ ከመጀመሪያው ልትጀምር ስልክ ቁጥሯን አስገባች። «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ደንበኛ አለ» የሚል መልስ አገኘች። አንዲት በስምንት ዓመት የምትበልጣት ሴት በስሟና በቁጥሯ ባንክ ገብታለች ማለት ነው። ቀለበት መንገድ ላይ መታጠፊያ ያለፈው ሹፌር እንኳ ነዳጁን እያቃጠለ ቢሄድ ወደፊት አንድ መዞሪያ ያገኛል።

ለንጽጽር ያህል የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ ተጠንተዋል። ጋሼ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት። ኮከብና መሰላል መትተው በሚከፈትላቸው ዝርዝር ውስጥ «ለመመለስ» የሚል ቁጥር ከታች ተጽፎላቸዋል። ከአራተኛው ዝርዝር ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሳይቸኩሉ ሲመለሱ አጥኚው በቅናት ተመልክቷል። የጋሼ ስልክ ባትሪም አራት ቀን ይቆያል፤ እሱ ግን ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ወደ ተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ስንመጣ፣ ቀደምቱ ምንጭ ኦሪት ዘፍጥረት ነው። የሎጥ ሚስት ወደ ኋላ ዘወር ብላ የጨው ሐውልት ሆናለች። ቅጣቱ ከባድ ቢሆንም ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር፤ ወደ ኋላ እንዳይታይ አስቀድሞ ተነግሯል። ከዚያ ብዙ ዘመን ዘልለን አላን ቱሪንግን እናገኛለን። ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1946 ባቀረበው የኮምፒውተር ንድፍ ውስጥ፣ ማሽኑ የያዘውን አቋርጦ ሌላ ንዑስ ሥራ ሲጀምር የሚመለስበትን ቦታ የሚያኖርበት ዘዴ አለ። ለማኖሩ የሰጠው ስም «መቅበር»፣ ለመመለሱ የሰጠው ስም ደግሞ «የተቀበረውን ማውጣት» ነው። ከሁለቱ እስከ አክስቴ ስልክ የደረሰው አንደኛው ብቻ ነው።

ኋላ ላይ ነገሩ ለስለስ ብሎ «ቁልል» ተባለ። የውጭ መጻሕፍት ይህን ሲያስረዱ የሰሃን ክምር ይጠቅሳሉ፤ እኛ መሶብ አለን። ከምጣድ መጨረሻ የወጣው እንጀራ ከላይ ይሆናል፤ ሲበላም መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው። የአንድሮይድ ስልክ ገጾቹን የሚይዘው እንደዚሁ ነው፦ አዲስ ገጽ ሲከፈት ከላይ ይነባበራል፤ ባክ ሲባል የላዩ ይነሣና ከሥሩ ያለው ይታያል። በመሶብ ታሪክ የላዩ ሲነሣ የታችኛው ጠፍቶ ያውቃል የሚል መረጃ አልተገኘም።

ሰው መመለስ ይፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄም በዝምታ አልታለፈም። ታውሸርና ግሪንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ከሚከፍቷቸው ገጾች 58 በመቶው ከዚያ በፊት ያዩዋቸው መሆናቸውን አሳይተዋል። ሰው ከሚሄደው ይልቅ የሚመለሰው ይበዛል ማለት ነው። የስልክ አምራቾች ግን ሌላ አቅጣጫ ይዘዋል። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያ ላይ ሲውል የመመለሻ ቁልፉ በጣት የሚዳሰስ፣ ሲጫኑት ቀጭ የሚል ነበር። በ2011 ቁልፉ ከስልኩ አካል ወጥቶ ስክሪኑ ውስጥ ገባና ሥዕል ሆነ። በ2019 ደግሞ ሥዕሉም ሊቀር እንደሚችል ተነገረን፤ ከስክሪኑ ጠርዝ በጣት ጠረግ ማድረግ በቂ ሆነ። አፕል በበኩሉ ከ2007 ጀምሮ ለመመለስ የተለየ ቁልፍ አበጅቶ አያውቅም፤ መመለሻው ብዙውን ጊዜ ከስክሪኑ በላይ በግራ ጥግ ይቀመጣል፤ የቀኝ አውራ ጣት ከሁሉም የምትርቀው ጥግ እሱ ነው። ስልኮቹ በ2014 ሲገዝፉና ጣት አልደርስ ሲል፣ ስክሪኑ ራሱ ወደ ታች ወረድ የሚልበት ብልሃት ተጨመረ። ጣት ከማስረዘም ይቀላል።

አሁን ወደ ክልከላው አፈጻጸም እንግባ። ለረጅም ዓመታት የሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ ፕሮግራመሩ «ባክ ሲጫን» የሚለውን ክፍል ይጽፋል፣ ቅንፍ ይከፍታል፣ ምንም አይጽፍም፣ ቅንፍ ይዘጋል። አለቀ። ስልኩ «ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ ያ ባዶ ቦታ ይነበብለታል። አጥኚው በየቢሮው ብዙ ክልከላ አይቷል፤ ማኅተም፣ ፊርማና ቲተር ሳይኖረው የጸና ክልከላ ግን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2022፣ በአንድሮይድ 13፣ አሠራሩን ጊዜው ያለፈበት ብሎ መዝገብ ላይ አስፍሮ፣ በምትኩ ተጠቃሚው ገና ጣቱን ሲጎትት የሚመለስበትን ቦታ በጨረፍታ የሚያይበትን ሥርዓት አስተዋውቋል። ባዶው ቅንፍ ግን በየመተግበሪያው አሁንም አለ፤ ባዶ ነገር አያረጅም።

ሁለተኛው ዘዴ ስሜት ይነካል። በመተግበሪያው መግለጫ ላይ ለአንድ ገጽ «ታሪክ አልባ፦ እውነት» ተብሎ ይጻፍበታል። አጥኚው አላጋነነም፤ የመመሪያው ቃል በቃል ትርጉም ይኸው ነው። እንዲህ የተጻፈበት ገጽ ተጠቃሚው እንዳለፈው ከቁልሉ ተፍቆ እንዳልነበረ ይሆናል። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለን እየተባልን ላደግን ሰዎች፣ የዐሥር ሰከንድ ታሪክ በአንድ መስመር ሲሰረዝ ማየት ቀላል አይደለም።

ባህላዊ ትንታኔም ቸል አልተባለም። በመጀመሪያ ላይ የተያዘው መላምት ክልከላው ከእንግዳ አቀባበላችን የተቀዳ ነው የሚል ነበር። እኛ ቤት እንግዳ «ልሂድ» ብሎ አንድ ጊዜ ቢነሣ አይቆጠርለትም፤ ሁለተኛ መነሣት አለበት። በሁለተኛውም «በሞቴ አትሄድም፣ በረካው ሳይደርስ?» ይባላል። «ለመውጣት እንደገና ይጫኑ» የሚለው የዚህ ታናሽ ወንድም ይመስላል። ይሁን እንጂ መላምቱ ውድቅ ሆኗል፤ በሞቴ ያለ ሰው ቢያንስ ያጎርሳል።

እርግጥ የሚከለከልበት በቂ ምክንያት ያለው ቦታ አለ። ከባንክ መተግበሪያ ከተወጣ በኋላ ስልኩን ያነሣ ሌላ ሰው ባክ እያለ ቀሪ ሒሳብ ማየት የለበትም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ብሩን በአውራ ጣቱ ማንቀሳቀስ ለምዷል፤ አውራ ጣት ደግሞ ትሳሳታለች። የቤት ኪራይ ከፍሎ «ተሳክቷል» የሚል ገጽ ያየ ሰው ባክ ብሎ ተመልሶ «ክፈል» ላይ ቢያርፍ፣ አከራይ የተረፈ ገንዘብ በምን ፍጥነት እንደሚመልስ አንባቢ ያውቃል። ዲቪም እንዲሁ ነው። በአንድ ዙር ከአንድ ጊዜ በላይ የሞላ ሰው ከዕጣው ይሰረዛል፤ ስለዚህ «ላክ» ከተባለ በኋላ ባክ ብሎ ዳግመኛ መላክ አሜሪካን ከነቤተሰብ የማሳጣት አቅም አለው። «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት በለጠፈ አንድ ስቴሽነሪ ቤት ውስጥ፣ ባለጉዳዩ ማውዙን እንዳይነካ እጁን ኪሱ እንዲከት ሲነገረው በዓይኔ አይቻለሁ።

ፈተና ላይ ደግሞ ነገሩ ሒሳብ አለው። የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሆነው ጂማት በኮምፒውተር የሚሰጥና ቀጣዩን ጥያቄ የቀደመውን መልስ አይቶ የሚመርጥ ፈተና ነው፤ ስለዚህ ለዓመታት ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው አዲሱ ቅጂ ግን ተፈታኙ በእያንዳንዱ ክፍል እስከ 3 መልስ እንዲቀይር ፈቅዷል። የጸጸት ኮታ መሆኑ ነው። አክስቴ 1 ትበቃት ነበር።

የትውልድ ዘመን የሚጠይቅ ገጽ ላይ ግን የሚከፈል ገንዘብ የለም፣ ቀሪ ሒሳብ የሚሰልል የለም፣ ዕጣ የለም። ታዲያ ለምን ተዘጋ? ይህን ለማጣራት አጥኚው አንድ ፕሮግራመር ወዳጁን ምሳ ጋብዟል፤ የጥናቱ በጀት ያለቀውም እዚህ ላይ ነው። ወዳጄ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ከተከራከረ በኋላ አመነ። ገጹ መረጃውን ቀድሞ ለማዕከሉ ልኳል፤ ማዕከሉም መዝግቧል። ተጠቃሚው ተመልሶ ቢያርም፣ የመጣው እርማት ይሁን አዲስ ሰው የሚለይ ነገር አልተሠራለትም። «መመለሱን በደንብ ልሥራው ብትል ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ልዝጋው ብትል ግማሽ ደቂቃ» አለኝ። የሁለት ሳምንቱን ሥራ ማን እንደሚያዘው ስጠይቀው ሽሮው እንዲሞቅለት አስተናጋጇን ጠራ።

መድኃኒቱ ግን ምሥጢር አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር ሁለቴ ቢመጣ ማዕከሉ ሥራውን አንዴ ብቻ ይሠራል፣ ሁለተኛውን «ይኼ ተፈጽሟል» ብሎ ይሸኛል። እርማት ከሆነም በዚያው ቁጥር ሥር ይታረማል። ይህን ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ማንኛዋም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ታውቀው ነበር። አንድ ደብዳቤ ሁለቴ ቢመጣባት ቁጥሩን አይታ «ይኼ ገብቷል» ትላለች፤ ባለጉዳዩ እንዳይመለስ ብላ ኮሪደሩን በግንብ አታስዘጋም። እንግዲህ የጥናቱ ዋና ግኝት የሚከተለው ነው፦ መተግበሪያው ይረሳል፣ አክስቴ ታስታውሳለች፣ የተቀጣችው አክስቴ ናት።

የመፍትሔ ሐሳቡ አጭር ነው። ቀን የሚጠይቅ ገጽ የማንን ዘመን እንደሚጠይቅ ይናገር። መዝጋት ግድ ከሆነም «ከዚህ በኋላ መመለስ የለም» የሚለው ከመዝጋቱ በፊት ይባል፤ የሎጥ ሚስት እንኳ ይህ መብቷ ተጠብቆላታል።

ንዑስ ዓላማውን በተመለከተ፣ ማክሰኞ ጠዋት አክስቴን ይዤ ቅርንጫፉ ሄድን። ከ2 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈን 4 ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ጋ ደረስን። ልጅቷ መታወቂያውን አየች፣ ስክሪኗን አየች፣ ቀና ብላ አክስቴን አየች። «ማዘር፣ ሲስተም የለም። ከሰዓት ይመለሱ» አለቻት።