የኔን 1 አትንኩብኝ

የዘንድሮ ልጆች ቁጥር ካዩ አይምሩም። ደምረው፣ አካፍለው፣ አማካይ አውጥተው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ባለፈው አንዲት ልጅ ታብሌቷን ታቅፋ ደጄ ላይ ቆመች። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣች አልናገርም፤ እሷ ምን አጠፋች፣ ጥፋቱ የላኪዎቿ ነው። «አባባ፣ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ከ1 እስከ 5 ይንገሩኝ» አለችኝ። «1» አልኳት። ጎረቤቴ ልጁ እዚያው ተቀጥሮለት ነው መሰል፣ ሳይጠየቅ «5!» ብሎ ጮኸ። እሷዬ ሁለታችንን ደምራ፣ ለሁለት ገምሳ «አማካዩ 3፣ መካከለኛ እርካታ» ብላ ጻፈች። ማነው እሱ በመካከለኛ የረካው? እኔ እንደሆነ ቆሽቴ አርሯል፣ እሱ ይስቃል፤ ሦስተኛ ሰው በግቢው የለም።

ቡና የሚጠጣ ሰው እንኳ ይሄ አይጠፋውም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን በተራ እንጠራለን፤ ተራ ነው እንጂ ልኬት አይደለም። አቦል ከቶና የሚበልጠው ቶና ከበረካ በሚበልጠው ልክ ነው ያለ ማን ነው? እኔ አቦሉን ብጠጣ፣ ጎረቤቴ ለበረካ ቢደርስ፣ በልጅቷ ሂሳብ ሁለታችንም ቶና ጠጥተናል!

ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይሄን የቁጥር ጣጣ በ1946 እ.ኤ.አ. አራት ቦታ ከፍሎታል፤ ኖሚናል፣ ኦርዲናል፣ ኢንተርቫል፣ ሬሾ። የልጅቷ ከ1 እስከ 5 ኦርዲናል ነው፤ እንደ ቡናው ተራ ብቻ።

ኖሚናሉ የቂርቆስ ሰው መታወቂያ ላይ አለ። የወረዳ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፤ መለያ ብቻ ነው። ወረዳ 8 የወረዳ 4 እጥፍ አይደለም። ያ ጎረቤቴማ መታወቂያው ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ይላል። ጣሪያው ዝጎ፣ ልጆቹ አግብተው ወልደው፣ ቤቱ አሁንም «አዲስ» ነው። ይሄንንም አማካይ አውጡለት እስቲ!

ኢንተርቫልን ግን ለካዛንቺስ ሰው ማንም አያስተምረውም። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እዚያ ካሉት የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ፈረንጆች ጋር ስንቀጣጠር ኖረናል። እኔ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስል ፈረንጁ 8 ይላል፤ እኔ 4 ስል እሱ 10። በመካከሉ ያለው ሁለት ሰዓት ነው፤ በዚህ አንጣላም። «4 የ2 እጥፍ ነው» ካልኩ ግን ጉድ ፈላ፤ የሱ 10 የ8 እጥፍ አይደለማ! እኛ ከንጋት፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ስለምንጀምር ዜሮው ሰው ያስቀመጠው ነው። የሙቀትም ዲግሪ እንዲሁ ነው፤ ትናንት 12 ዛሬ 24 ስለሆነ «ሙቀቱ እጥፍ ሆነ» የሚል ሰው ሬዲዮ ላይ ስሰማ ራሴን ያመኛል።

ሬሾው ብር ነው፤ እሱ አያሻማም። 200 የ100 እጥፍ ነው፤ ዜሮውም እውነተኛ ዜሮ ነው፣ ወር ሲያልቅ የጡረታ ደብተሬ ምስክር ነው። ዕድሜም ሬሾ ነው ይላሉ። ነው፣ እውነቱን የሚናገር ከተገኘ! በሕዝብ ቆጠራዎቻችን እኮ 30፣ 35፣ 40 ነኝ ያለው እንደ ጉድ ሲከመር፣ 31 እና 39 የሞላው ሰው የት እንደገባ አይታወቅም። በ2011 ዓ.ም. የተላለፈው አራተኛው ቆጠራ ሲመጣም ሚስቴ 50 እንደምትል ከአሁኑ አውቃለሁ።

እና ልጄ፣ ሌላ ቀን ስትመጪ አማካዩን ተዪው። ስንቱ 1፣ ስንቱ 5 እንዳለ ቆጥረሽ፣ እንዳለ ለአለቆችሽ ስጫቸው። የኔን 1 ከሰው 5 ጋር አታደባልቂብኝ።