ትርፍ አንጀትና የሩጫ ጫማ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሯጭ ማሰልጠን መካሪ የማይጠፋበት ሥራ ነው። ባጃጅ ነጂው፣ ቡና የምታፈላዋ፣ በርበሬ አስፈጪው፣ ሁሉም የመጨረሻው ዙር ላይ መቼ አፈትልኮ መውጣት እንደሚገባ ያውቃል። የሲድኒውን 10 ሺህ ሜትር ያላየ የለማ! ኃይሌ ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ መስቀል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በእኛ በጉራጌ ደግሞ መስቀል ሲደርስ ከተማ ያለው ሰው ሁሉ አገሩ ይገባል። ያንን ሩጫ ከዘመድ አዝማድ ጋር ተሰብስቦ ያየ ሰው ሁሉ ዛሬ አሰልጣኝ ነው። የጎደለው ፊሽካ ብቻ ነው። ፊሽካው እኔ ዘንድ ነው ያለው።

እኔ ቡታጅራ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥ ሰው ነኝ። በሕይወቴ የሮጥኩት ረጅሙ ርቀት ከሱቄ እስከ መናኸሪያ ነው፤ እሱንም ስደርስ አውቶቡሱ ሄዷል። ታዲያ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ የስፖርት መምህሩ መዛወሩ ተነገረና «የሩጫ ቡድኑን በበጎ ፈቃድ የሚይዝልን ወላጅ አለ?» ተባለ። አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ደፋ። እኔ አርፍጄ ገብቼ ወንበር ፍለጋ ቆሜ ነበር። ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ ዕለት ወዲህ በአካል ካላየሁት ሰው ጋር ስነጻጸር እኖራለሁ፤ ከበቆጂው መምህር ስንታየሁ እሸቱ ጋር። እኚህ ሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። አንድ የስፖርት መምህር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ይህ ሁሉ ወርቅ! ለአገር መልካም ነው፤ ለሌሎቻችን በጎ ፈቃደኞች ግን ትልቅ ዕዳ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ «ቀነኒሳህ የታለ?» ያሉኝ ነበሩ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ቡና የሚጠጡ አንድ ጡረተኛ ጋሼ ችግራችንን በቁጥር አስረዱኝ። «በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ቡታጅራ ወደ 2,100። ይህን 700 ሜትር ከየት ታመጣዋለህ?» ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ሰውነት ኦክስጂን የሚሸከመውን ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። መፍትሔውንም አላጡትም፤ ከበስተምዕራብ የተገተረውን የዘቢዳርን ተራራ በከዘራቸው አሳዩኝ። ቅዳሜ ማለዳ ቡድኑን ይዤ ሽቅብ ጀመርን። ልጆቹ የተባለው ቦታ ደርሰው ሲመለሱ እኔን ገና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። «አይዞዎት ጋሼ» እያሉ በየተራ አለፉኝ። አንዱ ብቻ ቆም ብሎ «ከፍታው እርስዎን ተስማምቶዎታል?» አለኝ። ይህ ልጅ ሩጫው ባይሳካለት ፖለቲካ ይሆንለታል።

ከከፍታው የባሰው በዓል ነው። ልምምዱ መልክ ሲይዝ መስቀል ይደርስና ክርስቲያኖቹ ይጠፋሉ። አረፋ ሲሆን ደግሞ ተራው የሙስሊሞቹ ነው። መቼም ቡታጅራ ነውና በመስቀል ክርስቲያኑ ሙስሊሙን፣ በአረፋ ሙስሊሙ ክርስቲያኑን ይጠራል፤ ስለዚህ በሁለቱም በዓል ቡድኑ በሙሉ የለም። ከበዓል ማግስት ሜዳ ላይ የሚቀርበው ክትፎና ቆጮ የተሸከመ ሠራዊት ነው። «አንድ ዙር» ስላቸው የሚያዩኝ አስተያየት፣ ዕዳ ጠያቂ በበዓል ቀን ቤታቸው የመጣ ይመስላል።

ከሁሉ የምትበልጠው ሯጫችን የ3,000 ሜትሯ ልጅ ናት። የምትሮጠው በኮንጎ ጫማ ነበር። ጠዋት ጠዋት አጎንብሳ የተሰነጠቀውን የኮንጎውን ተረከዝ በማዳበሪያ ከረጢት ክር ስትጠፍረው አያታለሁ፤ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ፣ እግሯን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አድርጋ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው። አባቷ ሐጂ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ድሃ አይደሉም፤ ያልተረጋገጠ ነገር ላይ ገንዘብ አያፈሱም እንጂ። የሩጫ ጫማ ይግዙላት ብዬ ሄድኩ።

«አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ምን ተጫምቶ ነበር?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እውነት ነው፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። «ነገር ግን ሐጂ» አልኩ፣ «በአራተኛ ዓመቱ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ! ጫማው ሦስት ደቂቃ ቆረጠለት።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ሒሳብ ሲገባ እንደዚያ ናቸው። «ከቶኪዮ በፊት ታሞ አልነበረም?»

«ነበር። ውድድሩ ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል።»

«ታዲያ ያቀለለው ጫማው ሳይሆን ትርፍ አንጀቱ መውጣቱ ቢሆንስ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

የዞኑ ውድድር ወልቂጤ ነበር። ያኔ የጉራጌ ዞን አንድ ነው፤ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ጡረተኛው ጋሼ መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። «ወልቂጤ ከእኛ ዝቅ ትላለች፤ አየሩ ይተርፋችኋል» ብለው መረቁን። የወልቂጤ ዘመድ ግን ከአየሩ ይልቅ ለምግቡ ነው የሚጨነቀው። በዋዜማው ማታ የአንዱ ልጅ አክስት «የሰው አገር መጥተው ጦማቸውን አያድሩም» ብለው ክትፎ በገበቴ አመጡ። ነገ ሩጫ አለ ብል «ለዚህ እኮ ነው!» አሉኝ። ክትፎ ለጉራጌ እናት የማያድነው ነገር የለም፤ ጎን ውጋትን ጨምሮ።

3,000 ሜትር ሰባት ዙር ተኩል ነው። ልጅቷ በኮንጎዋ ተሰለፈች። ሽጉጡ እንደተተኮሰ የሜዳው ዙሪያ በሙሉ አሰልጣኝ ሆነ፦ «ቆይ!»፣ «ውጪ!»፣ «እጅሽን አታወናጭፊ!»፣ «እንደ ጥሩነሽ!» እኔ በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ ነበር፤ ልክ አራተኛው ዙር ላይ ደንበኛ ደወለና የፎቶ ኮፒ ወረቀት ገብቷል ወይ አለኝ። ልጆቹ ከጎኔ «ጋሼ ሰዓቱ! ጋሼ ሰዓቱ!» ይላሉ። ደንበኛው ደግሞ ሁለት ካርቶን ነው የሚፈልገው። የመጨረሻው ዙር ላይ የግራ እግሯ ክር ተፈታ። ኮንጎው እየተጨበጨበ፣ እሷም ከኮንጎው ጋር እየተጣላች አራተኛ ገባች። ትንፋሿ ሲመለስ «ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት የእርስዎ የትኛው ነበር?» አለችኝ።

በማግስቱ ሐጂ ሱቄ መጡ። ደብተር አልጠየቁም።

«ስንተኛ ወጣች?»

«አራተኛ።»

«የቀደሟት ሦስቱ ምን ተጫምተው ነበር?»

«የሩጫ ጫማ።»

ትንሽ አሰቡ። «ትርፍ አንጀታቸውስ?»

«እኔ እስከማውቀው ሦስቱም ጋ አለ።»

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «መርካቶ ጫማ ተራ የእህቴ ልጅ አለ» አሉ፣ «ቁጥሯን ንገረኝና ልደውልለት፤ ያለ ትርፍ ይልክልናል።»