ከረስት ጋር የሚውል ሰው እሮሮ

ረስት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ሻዩ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል፣ እሱም ከላፕቶፑ ጋር ድምፅ አውጥቶ ይጨቃጨቃል። ሌላው ፕሮግራመር «ፕሮግራሜ ተበላሸብኝ» ይላል። የታደለ! የእኛ ለመበላሸት እንኳ አልበቃም፤ ገና አልተነሣም። አራት መስመር እንጽፋለን፣ የጻፍነውን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አንድ ሙሉ ስክሪን ወቀሳ ይመልስልናል። ወቀሳው ደግሞ ጨዋ ነው። ያጠፋንበትን ቦታ ያሰምርበታል፣ ቀስት ይሥልበታል፣ «ምናልባት እንዲህ ቢያደርጉት» ብሎ ይመክራል። የሚያንገበግበው ይኸው ጨዋነቱ ነው። ለሚሰድብ ሰው መልስ አይታጣም፤ በትሕትና ትክክል የሆነን ምን ይሉታል?

መከራው የሚጀምረው ገና ሲጫን ነው። ቋንቋውን ያወርዳሉ፣ «ሄሎ ወርልድ» የምትለዋን የመጀመሪያ ፕሮግራም ሊያስነሡ ይሞክራሉ፣ «ሊንከር አልተገኘም» ይባላሉ። ሊንከር ምን እንደሆነ ማን ነግሯቸው? ኡቡንቱ ላይ ያለ ሰው ቢልድ ኢሴንሻል የሚባለውን ጥቅል ጭኖ ይገላገላል። ዊንዶውስ ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍትን የሲ ፕላስ ፕላስ መሥሪያዎች ማውረድ አለበት፤ እነሱ ደግሞ በጊጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው። በሞባይል ዳታ ለሚማር የአዲስ አበባ ልጅ የወሩ ጥቅል አንድ መስመር ሳይጽፍ እዚያው አለቀ። ያ ሲያልፍ ታርጌት የሚባለው ፎልደር በየፕሮጀክቱ ሥር እያበጠ ዲስኩን ይሞላዋል። ካርጎ በሚባለው የረስት መሣሪያ «ካርጎ ክሊን» ብለው ያጸዱታል፤ ካጸዱት በኋላ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ ኮምፓይል ይደረጋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ የያዘ ሰው በዚህ መሐል መብራት ሲሄድበት የሚለው ነገር እዚህ አይጻፍም።

ከዚያ ባለቤትነት የሚባለው ሕግ ይመጣል። አንድ ስትሪንግ ለፈንክሽን እንሰጣለን፣ ፈንክሽኑ ያትመዋል፣ በሚቀጥለው መስመር ራሳችን ልንጠቀምበት ስንል ኢ0382 የሚባል ስሕተት ይመጣል፤ ዕቃው ከእጃችሁ ወጥቷል ማለቱ ነው። የሰጠነው ቁጥር ቢሆን ኖሮ ትንፍሽ አይልም ነበር፤ ቁጥር ሲሰጥ ይገለበጣል፣ ስትሪንግ ሲሰጥ ይሄዳል። ስለዚህ ትናንት በቁጥር የተለማመድነው ዛሬ በስትሪንግ አይሠራም። መፍትሔው አንዲት ምልክት ናት፤ ከስሙ ፊትም ፈንክሽኑ ከሚቀበለው ዓይነት ፊትም & ማስቀመጥ። ያኔ ሰጠን ሳይሆን አዋስን ይሆናል። ይች ምልክት የት እንደምትገባ ለማወቅ የጠፋው ሌሊት ግን ለማንም አይመለስም።

ማዋስም የራሱ ጣጣ አለው። የአንድን ዝርዝር የመጀመሪያ አባል በ& ይዘን ዝርዝሩ ላይ አዲስ ነገር ጨምረን ያንኑ አባል ኋላ ልንጠቀምበት ስንል ኢ0502 ብቅ ይላል። «ምን አጠፋን? ጫፉ ላይ ነው የጨመርነው!» እንላለን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ዝርዝሩ ቦታ ሲጠበው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ የሜሞሪ ክፍል ሊሄድ ይችላል፤ የያዝነው አድራሻ ያኔ ማንም የሌለበት ቦታ ይጠቁማል። ሲ ፕላስ ፕላስ ይህን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ፕሮግራሙም ደኅና ሲሠራ ከርሞ ደንበኛ ፊት ይወድቃል። ረስት ዛሬውኑ ይናገራል። እኛ ደግሞ ዛሬ መስማት አልፈለግንም። መጀመሪያ ሲሠራ እንየው፣ ጥንቃቄው ነገ ይደርሳል ነበር ሐሳባችን። አድካሚው ነገር ይኸው ነው፤ ይህ ቋንቋ «ለጊዜው» የሚባል ነገር አይገባውም።

የስሕተቶቹ አመጣጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኮምፓይለሩ መጀመሪያ የዳታ ዓይነቶችን ይመረምራል፤ ውሰቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ሥራ የሚጀምረው ያ ከጠራ በኋላ ነው። ስለዚህ ስሕተት በስሕተት ላይ ስናስተካክል እንውላለን፣ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የመጨረሻዋንም እናጠፋለን፤ «ተመስገን» ሳንል ታይተው የማይታወቁ አዳዲሶች ይፈሉብናል። «ማኅተም ይጎድላል» ብሎ የመለሰን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ማኅተሙን አስመትተን ስንመጣ «ፎቶውስ?» እንደሚለን መሆኑ ነው። ልዩነቱ ጸሐፊው ሁሉንም ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ኮምፓይለሩ ግን ዓይነቱን ሳይለይ ውሰቱን ማየት በእውነት አይችልም። ይህም ያናድዳል፤ ምክንያት ባለው ነገር ላይ መናደድ አይመችም። ያለው መላ ብዙ ሳይጽፉ በየጥቂት መስመሩ «ካርጎ ቼክ» ማለት ነው፤ እሱ ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው ስለማይሠራ ቶሎ ይመልሳል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ የተለየ ድግስ አለ። የእንግሊዝኛ ማስተማሪያዎች የስትሪንግን የመጀመሪያ ፊደል ከዜሮ እስከ አንድ ቆርጠው ሲያሳዩ ያምራል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነውና። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ርዝመቱ ስንት ነው ቢሉት 9 ይላል። ከዜሮ እስከ አንድ ቁረጥልን ቢሉት ኮምፓይለሩ ያሳልፍና ፕሮግራሙ ሲነሣ «የፊደሉ ድንበር ላይ አይደላችሁም» ብሎ ይሞታል። ያ ሁሉ ቁጥጥር የት ሄዶ? መውጫው «ቻርስ» የሚለውን ጠርቶ ፊደል በፊደል መሄድ ነው፤ ቆጠራውም ያኔ 3 ይመጣል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ እኛ በመጀመሪያው ሳምንት እንማረዋለን።

ጥቃቅኖቹን ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ዕድሜ ጠይቀን ተጠቃሚው 25 ብሎ ሲጽፍ ቁጥር አይደለም ይባላል፤ ከኋላው የተጫነው የኢንተር ምልክት አብሮ ስለገባ ነው፤ «ትሪም» ያራግፈዋል። በተራ ቁጥር ዝርዝር ውስጥ ልንገባ ስንል ቁጥሩ «ዩሳይዝ» የሚባለው ዓይነት ካልሆነ አይሆንም ይባላል። የፈንክሽኑ መጨረሻ ላይ በልማድ ሴሚኮለን (;) ስናስቀምጥ የሚመለሰው ዋጋ ባዶ ይሆንና ኢ0308 ይመጣል። በሲ እጃችን የለመደው ያ ምልክት እዚህ ሲገባም ጥፋት፣ ሳይገባም ጥፋት ነው።

መካሪዎቹስ? ለአንዱ የሁሉ ነገር መድኃኒት «ክሎን አድርገው» ነው፤ ለሌላው «አንራፕ በለውና ቀጥል»። ቋንቋው የከለከለውን «ለጊዜው» በጓሮ በር የሚያስገቡልን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ክሎን ዕቃውን ያባዛል፤ ለትንሽ ፕሮግራም ነውር የለውም። አንራፕ ግን «ስሕተት ቢመጣ ሁሉንም አቁመው» ማለት ነው። በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 2025 ክላውድፍሌር የተባለው የድረ ገጽ አገልግሎት ድርጅት ሥራው ተናግቶ ብዙ ድረ ገጾች ሲጠፉ፣ ከምክንያቶቹ ሰንሰለት ውስጥ አንዷ አንራፕ ነበረች፤ ከተወሰነለት መጠን ያለፈ ፋይል ሲመጣ ፕሮግራሙ በዚያች ቃል ላይ ተሰናክሎ ወደቀ። ሦስተኛው መካሪ ደግሞ «ሊንክድ ሊስት ሥራና ተለማመድ» ይላል። ዳታ ስትራክቸር የተማረ ሁሉ በሲ ፕላስ ፕላስ የሠራው ነው፤ ረስት ውስጥ ግን ከፊትም ከኋላም የሚጠቆምበት ዕቃ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መናገር ስለማይቻል ጀማሪን ለማባረር ከዚህ የተሻለ መልመጃ የለም።

እንዲህ እያማረርን ቋንቋውን ብንጠላው በቀለለን ነበር። ችግሩ ቋንቋው ራሱ የተወለደው ከእሮሮ መሆኑ ነው። በአውሮፓውያኑ 2006 በቫንኩቨር የሚኖረው የሞዚላ ፕሮግራመር ግሬደን ሆር ወደ ቤቱ ሲመለስ የሕንፃው ሊፍት ሶፍትዌሩ ወድቆ ቆሞ አገኘው፤ ቤቱ 21ኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃውን እየወጣ፣ እኛ የኮምፒውተር ሰዎች የማይወድቅ ሊፍት እንኳ መሥራት አቃተን ብሎ ተማረረ፤ ከዚያም ረስትን ጀመረ። ቋንቋው 1.0 የደረሰው በሜይ 2015 ነው። ማይክሮሶፍትም በ2019 በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ አያያዝ የሚመጡ መሆናቸውን ተናገረ። ኮምፓይለሩ የሚጨቀጭቀን ስለነዚያ ነው። ሰውዬው ስለ ሊፍት ተማርሮ ቋንቋ ሠራ፤ እኛ ስለ ቋንቋው ተማርረን እስካሁን የሠራነው ነገር የለም፤ ኮምፓይል አላደርግ ብሎን።

ስለዚህ ልመናችን አንድ ነው፤ ለኮምፓይለሩ ሳይሆን ለመካሪዎች። ከእንግዲህ አንድ ጀማሪ ፊቱን አጨፍግጎ ስታገኙት «ቋንቋው አልገባህም» አትበሉት፤ እሱን ቀድሞ ያውቀዋል። «ክሎን አድርገው» ብላችሁም አትሸኙት። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ & የት እንደምትገባ አሳዩት፣ ሻይም እዘዙለት፤ የፊተኛው ቀዝቅዟል።